የገና ስጦታ እስከ ነሐሴ የሚዘልቅ ይሁን

በታኅሣሥ መጨረሻ በአብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ አገራችን ክፍል የመኸሩ እህል ታጭዶ ተከምሯል፤ ገሚሱም ተወቅቶ ወደ ጎተራ ገብቷል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተያዘው የነቢያት ጾም የሚፈታውም በዚሁ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 29 ቀን በሚከበረው የልደት በዓል ነው። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ስለዚህም ገና ለገጠሩ ክርስቲያን ሁለት ደስታ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚመጣ በዓል ነው፤ አንዱ የእምነቱ፣ ሁለተኛው የላቡ ዋጋ።

ይሁን እንጂ በገና ጎተራው የሞላ ቤት ሁሉ በነሐሴ ጎተራው ሙሉ ሆኖ አይገኝም። ይልቁንም ጉልበት ያነሳቸው፣ በሬ የሌላቸው፣ ባል ወይም ልጅ የሞተባቸው ቤተሰቦች ከሰኔ ጀምሮ የጎተራቸውን ወለል ማየት ይጀምራሉ። በገና ዕለት ከጎረቤት ቤት ጠግቦ የዋለ አረጋዊ፣ ሐምሌና ነሐሴ በገባ ጊዜ የሚጠይቀው ካጣ፣ የተደረገለት ደግነት መልካም ቢሆንም ጎደሎ ነው።

የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ነጥብ ይኸው ነው። በበዓሉ ቀን የሚፈሰው ቸርነት እንዴት አድርጎ ወደ ክረምቱ ሊደርስ ይችላል? መልሱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ቁና እህል፣ አንድ ቀን ጥማድና በሐቀኝነት የተያዘ መዝገብ ነው።

በዓሉ የሚያስተምረው

የልደት ታሪክ ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል እንደተጻፈው ዮሴፍና ማርያም ወደ ቤተ ልሔም የተጓዙት ለመመዝገብ ነበር። ከተማዋ በእንግዳ ተጨናንቃ ስለነበር ማደሪያ አላገኙም፤ የተወለደው ሕፃንም የተኛው ከብት በሚበላበት ግርግም ነበር። የምሥራቹን አስቀድመው የሰሙት ሹማምንት ሳይሆኑ ሌሊት መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩ እረኞች ነበሩ። በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ ያው ቤተሰብ ከሄሮድስ ቁጣ ሸሽቶ ወደ ግብፅ መሰደዱ ተነግሯል።

እንግዲህ በበዓሉ የሚታሰበው ቤተሰብ ማደሪያ ያጣ፣ አራስ የያዘ፣ ኋላም የተሰደደ ቤተሰብ ነው። ይህን ቤተሰብ እያከበሩ በመንደር ውስጥ ያለውን ማደሪያ ያጣና የተሰደደ አለማየት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው። ለተራበ፣ ለታረዘ፣ ለእንግዳ፣ ለታመመና ለታሰረ የተደረገ ሁሉ ለጌታ እንደተደረገ የሚቆጠር መሆኑን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያስተምራል። የሃይማኖት አባቶችም ጾም ማለት ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ አለመሆኑን፣ ጾመኛው ከማዕዱ ያስቀረውን ለነዳያን መስጠት እንደሚገባው ዘወትር ይመክራሉ። በዚህ ምክር መሠረት የጾሙ ፍሬ የሚታየው በፍስኩ ቀን በሚቀርበው ገበታ ስፋት ሳይሆን በገበታው ዙሪያ በተቀመጡት ሰዎች ማንነት ነው።

ከላሊበላ የሚወሰድ ትምህርት

እምነት በአገልግሎት እንዴት እንደሚገለጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በላስታ ላሊበላ የልደት በዓል ሲከበር ከላስታና ከዋግ፣ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከሌላውም የአገሪቱ ክፍል ብዙ ሕዝብ ወደ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይጎርፋል። በዓሉ በዚያ ድርብ ነው፤ የንጉሥ ላሊበላም ልደት በዚያው ቀን ይታሰባልና። ከተሳላሚዎቹ ብዙዎቹ ዛሬም ቢሆን ቀናት በእግራቸው ተጉዘው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው የሚደርሱ ናቸው።

የአካባቢው ሕዝብ እነዚህን መንገደኞች የሚቀበለው እግራቸውን በማጠብ፣ ማረፊያ በመስጠትና በማብላት ነው። እግር ማጠብ በገጠራችን ለመንገደኛ የሚደረግ የቆየ ክብር ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን የሚያስታውስ በመሆኑ ደግሞ ለክርስቲያኑ የእምነት ሥራም ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እግር ለማጠብ ጥቂት ውሃ፣ አንድ ገበቴና ዝቅ ለማለት ፈቃደኛ የሆነ ሰው እንጂ ሀብት አያስፈልግም። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው በዓለም ዙሪያ የታወቁት በድንጋዩ ሥራ ነው። በየዓመቱ በበዓሉ ሰሞን ያንን ሁሉ እንግዳ አብልቶና አሳድሮ የሚሸኘው ግን የሰው እጅ ነው።

ይህን ትምህርት ወደየመንደራችን ስንወስደው፣ ስጦታን በብር ብቻ የመለካት ልማድ ትክክል አለመሆኑን እንረዳለን። የማርቆስና የሉቃስ ወንጌል የሚያነሷት ድሃ ሴት ያገባችው ሁለት ጥቃቅን ሳንቲም ሆኖ ሳለ ከባለጠጎቹ ሁሉ አብልጣ እንደሰጠች ተመስክሮላታል። የተመዘነላት ሳንቲሙ ሳይሆን ከኑሮዋ የቆረሰችው መጠን ነው።

ቅርጫውና የቀረው ቤት

በገጠራችን የመረዳዳት ልማድ አዲስ ነገር አይደለም። በሰንበቴው ተራ የደረሰው ሰው ጠላና እንጀራ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ነዳያንም ከዚያ ይቋደሳሉ። በማኅበሩ ወር በገባ ቁጥር የጻድቁ ዝክር ይዘከራል። እድሩ ለቅሶ ያስተዛዝናል። የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ሲቆም ግባ ይባላል። እነዚህ ሁሉ ከአባቶች የተረከብናቸው የልማት ሀብቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን በዚሁ መልካም ልማድ ውስጥ ቀዳዳ አለ። ለምሳሌ የገናን ቅርጫ እንውሰድ። ጥቂት አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ተደልድሎ ዕጣ ይወጣል፤ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ገንዘብ ያላዋጣው ቤት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዚያ ቤት ያሉት ልጆች የጎረቤታቸውን የወጥ ሽታ እያሸተቱ ይውላሉ። እናታቸውም እንዲህ ያለው ቀን እንዳያልፋት ስትል ለዘር ያስቀመጠችውን እህል አውጥታ ትሸጣለች፣ ወይም ትበደራለች። የአንድ ቀን ደስታ የመጪውን ዓመት እርሻ የሚበላው እንዲህ ሲሆን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሬው ሲደለደል አንድ ወይም ሁለት መደብ ከሁሉም ድርሻ ላይ ጥቂት ጥቂት ተቀንሶ ላልቻለው ቤት ይውጣ። በ20 ሰው ቅርጫ ላይ አንድ መደብ መጨመር የእያንዳንዱን ድርሻ የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ ነው። ያም መደብ በአደባባይ ስም ተጠርቶበት የሚሰጥ አይሁን፤ ከጎረቤት አንዱ በቅርጫት ከድኖ ማለዳ ያድርሰው። ምጽዋት በስውር እንዲደረግ ወንጌል የሚያስተምረው ተቀባዩም ክብር ስላለው ነው። በልጆቹ ፊት የተዋረደ አባት የበላው ሥጋ አይጣፍጠውም።

አንድ ቀን ጥማድ

ይህም ሆኖ የሥጋው ነገር በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚህ የሚበልጠው ስጦታ ያለው እርሻው ላይ ነው።

ባሏ የሞተባት ገበሬ የሚደርስባትን ችግር የገበሬ ማኅበር መሪ ሁሉ ያውቀዋል። መሬት አላት፤ ነገር ግን በሬ የላትም፤ ወይም በሬ ኖሯት የሚያርስላት ወንድ የላትም። በብዙ አካባቢ ሴት ሞፈር አትይዝም በሚለው ልማድ ምክንያት መሬቷን በእኩል ለሚያርስ ሰው ትሰጣለች። በዚህም ውል መሠረት ከምርቱ ግማሹ የአራሹ ይሆናል። የአራሹን ድካም መካድ አይገባም፤ የጉልበቱን ዋጋ ነው የሚወስደው። ቢሆንም አባት የሌላቸው ልጆች በየዓመቱ ከእናታቸው መሬት የሚደርሳቸው ግማሹ ብቻ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። አንድ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን፣ በግምት ሩብ ሄክታር ያህል ነው። ግማሽ ሄክታር ያላት እናት መሬቷ ሁለት ጥማድ ነው ማለት ነው። ጤፍ ለመዝራት መሬቱ አምስት ጊዜ ቢታረስ የሚያስፈልገው 10 የጥማድ ቀን ነው። በመንደሩ ውስጥ ጥንድ በሬ ያላቸው 10 ገበሬዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ቢሰጥ እርሻው አለቀ። ያ መሬት 8 ኩንታል ጤፍ ቢያወጣ በእኩል ውል ለእርሷ የሚቀረው 4 ኩንታል ነበር፤ በጎረቤቶቿ አንድ አንድ ቀን ግን 8ቱም ኩንታል ጎተራዋ ይገባል። ለአረም፣ ለአጨዳና ለውቂያ ደግሞ ተጨማሪ እጅ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ በሬ የሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ድርሻ አላቸው። አንድ አንድ በሬ ያላቸውም በመቀናጆ ጥንድ አድርገው ሊወጡ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደቦ ልማድ የጠራው ሰው ሠራተኛውን ያበላል፣ ያጠጣል። ያቺ እናት ለ10 ሰው እንጀራ ልትጋግርና ጠላ ልትጠምቅ ከተገደደች ግን ስጦታው ዕዳ ሆነባት ማለት ነው። ስለዚህ ለሰጪነት የሚወጣ ሰው ስንቁን ይዞ ይውጣ። በገና ዕለት ሊጠይቃት የሄደ ጎረቤት፣ «እማማ፣ ከጥር በኋላ ማሳዎን እኛ እናርሳለን፤ እርስዎ ውሃ ብቻ ያቅርቡልን» ቢላት፣ ከሙክት በግ የሚበልጥ ስጦታ ሰጣት።

ለገበሬ ማኅበር ይህ ሥራ ከውጭ የመጣ ሸክም አይደለም። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ለማኅበራቱ ከተሰጧቸው ተግባራት አንዱ በእርጅና፣ በልጅነት፣ በሕመም ወይም ባል በመሞቱ ምክንያት ማረስ ያልቻለ ሰው መሬት በኅብረት እንዲታረስ ማድረግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ተለውጧል፤ የማኅበሩን ሥራ የቀበሌ አስተዳደር ተረክቧል፤ ሆኖም በብዙ ገጠር ቀበሌው ዛሬም ገበሬ ማኅበር ተብሎ ይጠራል። ስሙ ከቀረ ያ አደራ ለምን ይቅር? ክርስቲያኑ በእምነቱ የሚታዘዘውና ማኅበሩ በሥራ ድርሻው የተቀበለው ነገር በዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ለአራሷና ለታመመው

ልደት የእናትም በዓል ነው። በበረት የወለደችውን እናት የሚያስብ መንደር በመካከሉ የምትወልደውን እናት ሊረሳ አይገባውም። አራስ መጠየቅና ገንፎ ይዞ መሄድ የሴቶቻችን የቆየ ደግነት ነው። በዚህ ላይ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና እህል ማስፈጨቱ ለጥቂት ሳምንታት በጎረቤት ተራ ቢያዝ አራሷ እውነተኛ ዕረፍት ታገኛለች። መንገድ በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም መኪና ወደሚደርስበት ቦታ በቃሬዛ የሚያደርሱ ወጣቶች አስቀድመው በተራ መመደብ አለባቸው። ምጥ ሌሊት ሲመጣ ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው። የእድሩ ቃሬዛ ሬሳ ብቻ የሚወጣበት መሆኑ ቀርቶ ሕይወት የሚድንበትም ይሁን።

በበዓል ቀን ሥራ አይሠራም የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ የታመመን መጠየቅና በጭንቅ ላለ ሰው መድረስ በበዓልም በሰንበትም የሚመሰገን ተግባር መሆኑን ካህናቱ ራሳቸው ያስረዳሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አባቶች አስቀድሞ ማማከር ይጠቅማል።

ጎተራው ለክረምት

ሁለተኛው ዘላቂ ስጦታ እህል ነው። በአውድማ ላይ ለመጣ ሰው ቁና እህል መስፈር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ይህንኑ ልማድ በጥቂት ሥርዓት ብንይዘው ለክረምት ይተርፋል።

በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለአንድ ሰው የወር ቀለብ ተብሎ የተያዘው ልክ 15 ኪሎ እህል ነው። በዚህ ልክ ብንሄድ ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ለሚሻገር አንድ ሰው 45 ኪሎ ያስፈልገዋል። 60 አባወራዎች በገና ሰሞን 10 10 ኪሎ ቢሰጡ 6 ኩንታል ይሆናል። ይህም 13 ጧሪ የሌላቸውን ሰዎች ሦስቱን ወር አሻግሮ፣ ድንገት ለሚመጣ ችግረኛ 15 ኪሎ ያተርፋል። በታኅሣሥ የ10 ኪሎ መጉደል በሙሉ ጎተራ ላይ ብዙም አይታወቅም። በነሐሴ ግን ያንኑ 10 ኪሎ ከጎረቤት መጠየቅ ለሚሰጠውም ለሚቀበለውም ከባድ ነው። አስቀድሞ መስጠት የሚሻለው ስለዚህ ነው።

የተሰበሰበው እህል እንዳይበላሽ የሚደረገው ጥንቃቄ የስጦታው ግማሽ ነው። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴና ባቄላ ነቀዝ ይደፍራቸዋል። ጤፍ ግን ቅንጣቱ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ ስለማይደፍረው ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሌላው እህል በሚገባ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከተገኘ አፉን አጥብቆ በማሰር ብቻ ነቀዙን ያለ መድኃኒት አፍኖ መግደል ይቻላል። የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ አይሁን፤ ከእድሩ አንድ፣ ከሴቶች አንድ ተመርጠው ሁለት ቁልፍ ይያዝ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው በመዝገብ ሰፍሮ በየጊዜው ለሰጪዎቹ ይነበብ። የሰጪው ሰው ስምና የተቀባዩ ስም ግን አይነበብ።

ስጦታ እንጂ መዋጮ አይደለም

ከሁሉ የከበደው የመሪው ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው በየዘመኑ ስንት ዓይነት መዋጮ አይቷል። መሪው በመልካም ሐሳብ ተነሣስቶ፣ «እያንዳንዱ አባወራ 10 ኪሎ ያስገባ» ብሎ ትእዛዝ ካወጣ፣ ያ እህል በዚያው ቅጽበት ስጦታ መሆኑ ይቀራል፤ ግብር ይሆናል። ያልሰጠው ሰው ስም በስብሰባ ከተጠራ፣ ወይም ያልሰጠ ሰው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አያገኝም ከተባለ፣ በገና ስም የተሠራው ሥራ በደል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ሰው መስጠት ያለበት ተገዶ ሳይሆን በልቡ እንዳሰበ መሆኑን ያሳስባል። በግድ የተሰበሰበ 20 ኩንታል በፈቃድ ከተሰጠ 5 ኩንታል ያነሰ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ማንም አይደግመውምና።

ስለሆነም መሪው ከመናገር ይልቅ በማድረግ ይቅደም። በድሮው የገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ወርደው እኩል ሩር ይመቱ እንደነበር ይነገራል። እንዲሁ ሊቀመንበሩ በሬዎቹን ጠምዶ ወደዚያች እናት ማሳ መጀመሪያ የወረደ እንደሆነ ሌላው ሳይጠራ ይከተለዋል። ሊቀመንበሩ በቢሮው ተቀምጦ ሌላውን ያዘመተ እንደሆነ ግን ሰው ሁሉ ምክንያት ይፈልጋል። በተጨማሪም መሪው በዚህ ሥራ ላይ የራሱን ዘመድና የራሱን ደጋፊ እያስቀደመ ከተገኘ፣ ሕዝቡ ከእህሉ ይልቅ እምነቱን ያጣል።

ተረጂው ሰውም ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ማረስ ያልቻለ አረጋዊ የድንበርና የጠብ ጉዳይ ያስታርቃል፤ ሞፈርና ቀንበር መጥረብ የሚችል ይጠርባል። ያቺው ማሳዋ የታረሰላት እናት ጥጥ ትፈትላለች፣ የጎረቤት ሕፃናት ትጠብቃለች፤ ከእርሻዋም የተገኘውን ጭድ ላረሱላት በሬዎች ልትሰጥ ትችላለች። የምትሰጠው ነገር ያላት ሰው አንገቷን ቀና አድርጋ ትቀበላለች።

የእምነት ልዩነት አይገድበውም

የክርስቲያን ቸርነት ለክርስቲያን ብቻ የሚደረግ ከሆነ የወገን መጠቃቀም እንጂ ምጽዋት አይባልም። በወሎም ሆነ በሌላው አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ። ሙስሊሙ ጎረቤት ክርስቲያን ያረደውን ስለማይበላ ከቅርጫው መደብ መላክ ትርጉም የለውም። እህሉና ጥማዱ ግን የሃይማኖት ወሰን የላቸውም። የዝርዝሩ ሥራ ሲሠራ ካህኑና የመስጊዱ ሽማግሌ አብረው ቢቀመጡ ማንም አይረሳም። የዒድ በዓል በመጣ ጊዜም ሙስሊሙ ጎረቤት በደግነት ሲመልስ እንደሚገኝ የአገራችን ኑሮ ያሳያል።

በተለይም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በደረሰው ጦርነትና ግጭት ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ በሬው የታረደበት፣ ጎተራው የተቃጠለበት ገበሬ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በቀበሌያችሁ ተጠግቶ እንደሆነ በመዝገባችሁ ላይ ስሙ ላይኖር ይችላል። ለምዝገባ ሄዶ ማደሪያ ያጣውን ቤተሰብ የምናከብርበት ቀን፣ በመዝገብ የሌለውን ሰው ለማስታወስ ከሁሉ የተሻለ ቀን ነው።

ከገና እስከ መስከረም

ሥራው በጊዜ ተከፋፍሎ ቢያዝ ቀላል ይሆናል። ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የእድር ዳኛ፣ ካህን፣ የመስጊድ ሽማግሌ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ጧሪ የሌላቸውን፣ ባል የሞተባቸውን፣ ወላጅ አልባ ልጆችንና የተፈናቀሉትን በጸጥታ ይለዩ። በቅርጫው ጊዜ ትርፍ መደቡ ይውጣ። በገናና በጥምቀት መካከል ባሉት ቀናት የፈቀደ ሰው እህሉን ያስረክብ፤ ጥንድ በሬ ያለው ደግሞ የሚሰጠውን ቀን ያስመዝግብ። ከጥር ጀምሮ እንደየአካባቢው አየር ጠባይ እርሻው ይጀመር። በዘር ጊዜ የዘር እህል ያጣ ቤት አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ በሐምሌ የአረሙ ሥራ ይያዝ። ከሐምሌ እስከ መስከረም እህሉ በየወሩ ይታደል። በኅዳር ጾሙ እንደገና ሲገባ መዝገቡ ይመርመር፤ ማን ራሱን ቻለ፣ ማን አዲስ ተቸገረ የሚለው ይታይ።

ምናልባት በመጀመሪያው ዓመት እህል የሚሰጡት አምስት ቤቶች፣ ጥማድ የሚሰጡት ሦስት ገበሬዎች ብቻ ይሆኑ ይሆናል። ይህ አያሳፍርም፤ ሦስት ጥማድም ለአንዲት እናት የመጀመሪያውን እርሻ ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛውን ያስጀምራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በግዳጅ ሳይሆን በጌጥነት ለመሸከም የተነሣ ጎረቤት ካለ፣ የገና በዓል ጧፉ ከጠፋና ሥጋው ካለቀ በኋላም በመንደሩ ውስጥ ሲሠራ ይከርማል፤ ጭጋጉ በወረደበት በነሐሴ ማለዳም ከአንዲት እናት ጎጆ ጭስ ሲወጣ ይታያል።